አሥራ ዘጠነኛዋ ልጅ

የቆሻሻ መኪናው ሾፌር መጀመሪያ ያየው የተከፈተውን በር ነው። ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ በአሜሪካ ሰዓት አምስት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ካለ አንድ የአፓርትመንት ግቢ ገብቶ ወደ ገንዳው ሲጠመዘዝ፣ ከምድር ቤቶቹ የአንዱ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ብርሃኑ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቷል። ብርሃኑ በሚያልቅበት ቦታ፣ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ሹራብ የደረቡ አንድ አሮጊት በጎናቸው ወድቀዋል። ሾፌሩ ዘሎ ወርዶ ተጣራ። መልስ ሲያጣ ፖሊስ ጠራ።

መርማሪ እንየው ሲደርስ አምቡላንሱ አሮጊቷን ይዞ ሄዷል። እሱን ያስጠሩት ለመኪና አደጋው ብቻ አልነበረም። በስልክ የነገሩት እንዲህ ብለው ነው፤ «ቤቱ ውስጥ ሦስት ሕፃናት ተኝተዋል። ትልቅ ሰው የለም። ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ያንተ ቋንቋ ሳይሆን አይቀርም።»

እንየው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከአባቱ ጋር ዳላስ የገባ ሰው ነው። ዛሬ አርባ አራት ሞልቶታል፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ ስድስቱን ዓመት በፖሊስነት አሳልፏል። ሐበሻ ያለበት ጉዳይ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። እሱ ግን እንዲህ ያለውን ጉዳይ አይወደውም። ሰዉ እንደ ዘመድ ያቅፈውና እንደ ባዕድ ይዋሸዋል።

ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ስስ ፍራሾች ተደርድረዋል። ሦስት ወንዶች ልጆች ተኝተውባቸዋል፤ በሩ አጠገብ ሦስት ጥንድ ጫማ ተሰልፏል። ማቀዝቀዣው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉ ሁለት ስልክ ቁጥሮች ተለጥፈዋል፤ «የኢዛና እናት»፣ «የዮኒ አባት»። የቤቱ ባለቤት ስም ከፖስታዎቹ ላይ ተገኘ፤ ዕፀ ሕይወት፣ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ።

ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ሁለት ነገር አሳየው። አንደኛው ከመሬት የተለቀመ ቀይ የፕላስቲክ ስብርባሪ ነው፤ የመኪና የኋላ መብራት። ሁለተኛው የልጅ ጫማ ነው፤ የግራ እግር፣ ሐምራዊ፣ ቢራቢሮ ያለበት፣ ተረከዙ ሲነካ ብልጭ የሚል።

«የት ነበር?»

«ከእጃቸው ሥር።»

እንየው በሩ አጠገብ ያሉትን ጫማዎች አየ። ሦስቱም ሙሉ ናቸው፤ ሦስቱም የወንድ ልጅ።

«አራተኛ ልጅ አለች» አለ። «የት ናት?»

ትልቁን ልጅ ቀስ ብሎ ቀሰቀሰው። ኢዛና አምስት ዓመቱ ነው።

«ሌላ ልጅ ነበረች እዚህ? ሴት ልጅ?»

ልጁ ዓይኑን እያሻሸ «አይ ወዝ ስሊፒንግ፣ ተኝቼ ነበር» አለና ፊቱን አዞረ።

•

የኢዛና እናት ማህደር የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ሌዊስቪል አንድ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ ስልክ ሎከር ውስጥ ስለሚቆለፍ እስኪያገኟት አንድ ሰዓት ፈጅቷል። ኢዛናንና ታናሽ ወንድሙን አቅፋ አንዴ አለቀሰች፣ ከዚያ ፊቷን ጠርጋ እንየው ፊት ቆመች።

«እማማ ዕፀ አክስቴ ናቸው» አለች።

«በእናትሽ ነው በአባትሽ?»

«በ... ማለቴ እንደ አክስት ናቸው።»

«ማህደር፣ አንዲት ሕፃን ጠፍታለች። ማን እንደሆነች ካልነገርሽኝ ልፈልጋት አልችልም።»

«እኔ ሴት ልጅ አላየሁም። አራት ተኩል ላይ በር ላይ አስረክቤ እሮጣለሁ፤ ከኔ በኋላ ማን እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ?»

«ለምንድነው በሌሊት የምታመጫቸው? ቦርሳቸው ላይ የልጆች መዋያ፣ የዴይኬር፣ ስም አይቻለሁ።»

የያዘችው ትዕግሥት እዚያ ላይ ተበጠሰ።

«አዎ፣ ዴይኬር አላቸው! መንግሥት ይከፍልልኛል፣ እግዜር ይስጠው። ዴይኬሩ የሚከፈተው ስንት ሰዓት ነው? ስድስት ተኩል። ሺፍቴ የሚገባው? አምስት ተኩል። በመሃሉ ልጆቼን የት ላድርጋቸው? መኪና ውስጥ? ሺፍት ከቀረሁ የሥራ ሰዓቴ ይጎድላል። ሰዓቴ ከጎደለ ድጎማው ይቆማል። ድጎማው ከቆመ ደግሞ ሥራ መሄድ አልችልም። እማማ ዕፀ ባይኖሩ ሁላችንም አልቆልን ነበር።»

«ሁላችንም ማለት እነማን?»

አፏን ያዘች። «ይሄን ልትጽፈው ነው?»

«መጻፍ አለብኝ።»

«እንግዲያው ምንም አላልኩም። ፈቃድ የሌለው ሰው ጋ ልጅ ታስቀምጣለች ከተባለ የሚመጣብኝን አንተ አትከፍልልኝም፣ ወንድሜ።»

የዮኒ አባት ከፍያለው ደግሞ ከዚያም የባሰ ነበር። የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ የሻትል ሾፌር ነው፤ ወፍራም፣ ፊቱ የተቆጣ። «ልጁን ያመጣው ወንድሜ ነው» አለ። የወንድሙ ስልክ ሲጠየቅ ወንድሙ አርሊንግተን እንደሚኖር አስታወሰ። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤት ግን ሌላ ነገር ተናገረች፤ ሰኞ ንጋት ላይ ይኸው ሰውዬ አሮጊቷ በር ላይ ቆሞ ሲጮህ ከእንቅልፏ ነቅታለች።

«ምን ብለህ ነው የጮህክባቸው?» አለው እንየው።

«አልጮህኩም። ድምፄ ነው።»

«አቶ ከፍያለው!»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ዮኒ ትንሽ አስሎት ነበር። ሌሎቹን ያስይዛል ብለው መለሱብኝ። አንድ ቀን ሥራ ቀረሁ። ሰው ይናደዳል፣ አይናደድም እንዴ? በዚህ ሰው ይገደላል?»

«አልሞቱም።»

«ተመስገን» አለ ከፍያለው፤ እውነቱን ይመስላል። መኪናው ዙሪያውን ታየ። የኋላ መብራቶቹ ሁለቱም ደህና ናቸው። ከቀትር በኋላ ከሚሠራበት ጋራዥ የመጣው የካሜራ ምስል ደግሞ አምስት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው በሩን አልፎ ሲገባ ያሳያል። ጎረቤቷ የፍሬን ድምፅ የሰማችው አምስት ከሩብ ገደማ ነው።

በዚያን ዕለት በዳላስና በፎርት ወርዝ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ሁሉ አንዲት ሴት ሕፃን ጠፋች ብሎ ያመለከተ አልተገኘም። እንየውን ያሳበደው ይኸ ነው። የጠፋ ልጅ ያለ ፈላጊ አይቶ አያውቅም።

•

ዴይኬሩ በሁለት መደብሮች መሃል ያለ፣ መስኮቱ ላይ የወረቀት አበባ የተለጠፈበት ቤት ነው። እንየው በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት ከሕንፃው ጀርባ ፓርክ አደረገ። እዚያ የቆሙት መኪኖች ሁሉ አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል፤ አንዲት ግራጫ አሮጌ መኪና ብቻ በጀርባዋ ገብታ ግድግዳውን ልትነካ ደርሳለች። ከእነሱ አጠገብ የዴይኬሩ ነጭ ቫን ቆሟል። የቀኝ የኋላ መብራቱ ላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፏል።

ጎንበስ ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳው።

የዴይኬሩ ባለቤት ወይዘሮ አይናዲስ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴት ናቸው። ስለ ድጎማው ሲጠየቁ አፋቸውን ሞልተው ተናገሩ። እዚህ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ በድጎማ የሚማሩ ናቸው። ወላጅ ጠዋት በር ላይ ባለው ታብሌት ልጁን ያስመዘግባል፤ ቢሮው ያን አይቶ ይከፍላል። ሁሉ ነገር በሥርዓት ነው።

«ወይዘሮ ዕፀ ሕይወትን ያውቋቸዋል?»

«ማንን?»

«ማህደርና ከፍያለው ልጆቻቸውን በሌሊት የሚያስቀምጡባቸውን።»

«ወላጅ ከኔ በር ውጭ የሚያደርገውን እኔ በምን አውቃለሁ?»

በዚህ መሃል አንዲት ወጣት ሠራተኛ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ታቅፋ ከውስጥ ወጣች። ቀጭን፣ ዓይኖቿ ከእንቅልፍ ማጣት የቀሉ። ፖሊስ መሆኑን ስታውቅ ቆም አለች።

«እማማ ዕፀ ይድናሉ?» አለችው በቀስታ።

ወይዘሮ አይናዲስ ዓይናቸውን አጉረጠረጡባት፤ ቃሉ ግን አንዴ ወጥቷል። እንየው ወደ እሳቸው ዞረ።

«ሠራተኛዎ የሚያውቋቸውን ሴት እርስዎ አያውቋቸውም?»

ሴትየዋ ተነፈሱ። ቫኑ በየጠዋቱ ስድስት ተኩል ላይ ልጆቹን ከዕፀ ሕይወት በር እንደሚያነሳ አመኑ። ወላጆቹ ደግሞ በታብሌቱ የሚያስመዘግቡበትን የምስጢር ቁጥር ለሠራተኛዋ ሰጥተዋታል። ክልክል ነው፤ ያውቃሉ። «ግን ቶሎ ልክፈት ብል ተጨማሪ ሠራተኛ ማን ይከፍልልኛል? ለዚያ ሰዓት ድጎማው አይበቃም። ሁለት ጊዜ ጻፍኩላቸው። መልሱን የልጅ ልጄ ታነበው ይሆናል።»

«ቫኑን የሚነዳው ማነው?»

ማኑሄ ይባላል፤ ዝምተኛ፣ ጢሙ የሸበተ። ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹን ሊያነሳ ሄዶ ፖሊስ ሲያይ እንደተመለሰ፣ ለማንም እንዳልደወለ አመነ።

«ለምን?»

«ፈራሁ።»

«መብራቱስ?»

«የዛሬ ሳምንት ነው የተሰበረው። ቆሻሻ ገንዳ ነው የመታሁት። እውነቴን ነው።»

እንየው ሰውየውን ጣቢያ ወስዶ አራት ሰዓት ጠየቀው። ቫኑን አስጎተተ። ረቡዕ ጠዋት ግን ከመለዋወጫ ባለሙያው የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፤ ስብርባሪው የትንሽ የቤት መኪና እንጂ የቫን አይደለም። ማኑሄ ተለቀቀ። ሲወጣ «ቫኑ ለሁለት ቀን ቆመ ማለት ስድስት ልጅ ቀረ ማለት ነው። የቀረ ልጅ ደግሞ ድጎማው ላይ ይቆጠርበታል» አለውና ደረጃውን ወረደ። ስድብ ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

የአሮጊቷ ስልክ ከጎማ ሥር ገብቶ ደቅቋል። የጥሪ መዝገቡ ከኩባንያው እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል ተባለ። እንየው ማህደርን ደግሞ ጠየቀ። ከፍያለውን ደግሞ ጠየቀ። ሁሉም ውሃ በአፉ እንደያዘ ሰው ሆነበት። ሐኪም ቤቶች ጋ አንድ በአንድ ደወለ፤ አንድ እግሯ ባዶ የሆነ ልጅ ያየ የለም።

•

ሐሙስ ከሰዓት ሐኪም ቤቱ ደወለ። እማማ ዕፀ ነቅተዋል።

ጭንቅላታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የዳሌያቸው አጥንት በብረት ተያይዟል። ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። እንየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ጤናቸውን ጠየቀ፣ የልጆቹን ደህንነት ነገራቸው። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ማነው የገጨዎት፣ እማማ?»

«ማንም። አንሸራትቶኝ ነው የወደቅሁት።»

«ዳሌዎ ተሰብሯል። መሬቱ ላይ የመኪና መብራት ስብርባሪ ነበር።»

«እንግዲያው መብራት ላይ ይሆናላ የወደቅሁት።»

«እማማ!»

«አንተ ልጅ፣ ደክሞኛል።»

የጫማውን ፎቶ አሳያቸው። አዩት፤ ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እንየው ሃያ ደቂቃ ለመነ፣ አስፈራራ። ከመስኮቱ ዘወር አላሉም። ተናዶ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ከኋላው ጠሩት።

«ልጄ... ትኩሳቱ ለቀቃት እንዴ?»

ዞረ። «ማንን?»

ፊታቸው ተለወጠ። «ዮኒን ማለቴ ነው።»

«ዮኒ ወንድ ነው፣ እማማ።»

«መድኃኒቱ ነው የሚያዘባርቀኝ። ተወኝ ልተኛ።»

እንየው ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናውን ሳያስነሳ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ሙሉ የእውር የድንብር ሲሄድ የከረመው ነገሩን ከተሳሳተ ጫፍ ይዞ እንደሆነ ገባው። ልጅቷ አልጠፋችም፤ ስለዚህ ነው ፈላጊ ያጣችው። ዮኒን ሰኞ ዕለት በሳል የመለሱት ሴትዮ፣ ማክሰኞ ደግሞ አንዲት ትኩሳት ያላትን ልጅ መልሰዋል። ልጅቷ ከመጣችበት ሰው ጋር ተመልሳ ሄዳለች። ጫማው አስፋልት ላይ ወድቆ የተገኘ አልነበረም፤ ከእጃቸው ሥር ነው የተገኘው። እንግዲህ ጫማው የወለቀው ቤት ውስጥ ነው። አሮጊቷ ይዘውት በጨለማ ሮጠው የወጡት ሊያቀብሉ ነው። መኪናው ደግሞ ወደ ኋላ እየመጣ ነበር።

ታዲያ ያች እናት ወይም ያ አባት የታመመችውን ልጅ ይዞ ወዴት ሄደ? ሥራ መቅረት የሚችል ሰው በዚያ ሰዓት በር አያንኳኳም። መጋዘን ልጅ አያስገባም። ኤርፖርት አያስገባም። ልጅ ይዘውበት የሚገቡበት ሥራ የቱ ነው?

ልጅ የሚደበቀው ልጅ መሃል ነው።

«እማማ ዕፀ ይድናሉ?» ያለችው ወጣት ትዝ አለችው። ማክሰኞ እሱ ገና ምን እንደተፈጠረ ሳይናገር ነበር የጠየቀችው።

•

ዓርብ የምሳ ሰዓት ላይ ዴይኬሩ ገባ። ማንንም ሳያነጋግር በሩ ላይ ያለውን ታብሌት አየ። የዕለቱ ስም ዝርዝር አሥራ ስምንት ልጅ ይላል። ገብቶ ቆጠረ። ልጆቹ ትናንሽ ፍራሾቻቸው ላይ ሊተኙ ሲንደረደሩ እንደ ጫጩት ይራወጣሉና ሁለት ጊዜ ቆጠረ። አሥራ ስምንት።

ወይዘሮ አይናዲስ እየተጣደፉ መጡ። «ዛሬ ደግሞ ምን ጎደለ?»

«የጎደለ የለም» አለ እንየው።

ያን ጊዜ ከቢሮው በር ኋላ አንድ ልጅ ሳለ።

ሴትየዋ በሩ ፊት ቆሙ። እንየው እጁን ወደ በሩ እጀታ ዘረጋ። በመጨረሻ ፈቀቅ አሉ። ቢሮው ውስጥ በጠረጴዛና በመደርደሪያ መሃል ፍራሽ ተነጥፎ አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ተቀምጣ ፖም ትበላለች። ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተደርጓል። እግሯ ላይ ሁለት ቁጥር የሚሰፋት የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አለ። አጠገቧ ተንበርክካ የነበረችው ሠራተኛ ቀና አለች። ስሟ ወሰንየለሽ ነው።

«ልጄ ናት» አለች። «ልዩ ትባላለች።»

ወይዘሮ አይናዲስ ከኋላው ይንተባተቡ ጀመር። «ፈቃዴ ለአሥራ ስምንት ነው። አንድ ልጅ ከጨመርኩ በሩ ይታሸጋል። ያውም የታመመች! እኔ ግን ሠራተኛዬ ናት፤ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ብላ ስትለምነኝ ምን ልበል? ስለ ሌላው ነገር እግዜር ያውቃል ምንም አላውቅም።»

እንየው ጫማውን በላስቲክ ከረጢት አድርጎ በኮቱ ኪስ ይዞት ነበር። ለእናትየዋ ብቻ ሊያሳያት አስቦ ወደ በሩ ዞር አለና ግማሹን አወጣው። ልጅቷ ግን ፈጠነች።

«ጫማዬ!» ብላ ዘለለች። «ማሚ፣ ሉክ! ጫማዬ ተገኘ!»

ሮጣ ከረጢቱን ጨመቀችው። ተረከዙ ብልጭ አለ። ደስታዋ ሌላ ነው፤ አንዴ ጫማውን፣ አንዴ እንየውን፣ አንዴ እናቷን ታያለች።

ወሰንየለሽ ከኋላዋ ያለችው የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ።

«ሲሚንቶው መስሎኝ ነው» አለች። «ፓርኪንግ ላይ ያለው፣ ጎማ የሚያቆመው ሲሚንቶ።»

እንየው ከመናገሯ በፊት መብቷን ነገራት፤ ዝም ማለት እንደምትችል፣ ጠበቃ እንደሚቆምላት። ሰማችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ግን አላቆመችም። አራት ቀን የታፈነ ነገር ነበር።

«አምስት ተኩል ላይ እዚህ ገብቼ ወለል እወለውላለሁ፣ ምግብ አዘጋጃለሁ። ልዩን ሁልጊዜ እማማ ዕፀ ናቸው የሚይዙልኝ፣ እስከ ማታ። የማንንም ልጅ ሽንት ጨርቅ ስቀይር እውላለሁ፤ የኔዋ ግን እዚህ ቦታ የላትም። በራሴ ለመክፈል ደሞዜ አይበቃም። ለድጎማው ካመለከትኩ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ፤ ዌይቲንግ ሊስት፣ ወረፋ ላይ ነሽ ነው የሚሉኝ። ማክሰኞ ትኩሳት ነበራት። እማማ ግንባሯን ነክተው አይሆንም አሉኝ። ሦስት ልጅ ይታመማል፣ ሁለት ሰው ሥራ ይቀራል፣ ይቅር በይኝ አሉኝ። ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸውን እያወቅሁ ነው የተናደድኩት። ልጅቷን ጎትቼ ወጣሁ። በሩን በላያቸው ላይ ጠረቀምኩት። መኪናውን እንደ እብድ ወደ ኋላ ነዳሁት። የሆነ ነገር ገጭ አለ። ሲሚንቶው ነው አልኩ፣ ሄድኩ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ማኑሄ ባዶ ቫን ይዞ ሲመጣ። ወጥቼ የመኪናውን ኋላ አየሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ኋላዋን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ አቆምኳት።»

«አራት ቀን ሙሉ!» እንየው ድምፁ ከፍ ማለቱን ራሱ አላወቀም። «በሁሉም ከተማ የሞተች ልጅ ስፈልግ ከረምኩ። ማክሰኞ ፊቴ ቆመሽ ይድናሉ ወይ አልሽኝ!»

«በየቀኑ ልናገር እልና ልዩን ማን ይወስዳታል እላለሁ። ነገ እላለሁ። ነገ ደግሞ ነገ ይሆናል።»

ልጅቷ በድምፁ ደንግጣ እናቷ ጭን ውስጥ ገባች። ጫማዋን አለቀቀችም። እንየው ከረጢቱን ከእጇ መቀበል ነበረበት። ማስረጃ ነው። በሥራው ላይ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ያን ያህል ያሳፈረው የለም።

•

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ሁሉ በየቦታው ገባ። ግራጫዋ መኪና በወንድሟ ስም የተመዘገበች ናት፤ ከመሬት የተለቀመው ስብርባሪ መብራቷ ላይ በጎደለው ቦታ እንደ ቁልፍ ገጠመ። ወንድሟ መጥቶ ልዩን ወሰደ። ወይዘሮ አይናዲስ ወሰንየለሽን ከሥራ ማሰናበታቸውን በስልክ ነገሩት። እንየው ስለ አሥራ ዘጠነኛዋ ልጅም ሆነ ስለ ንጋቱ ልጆች ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታው ነበርና አሳወቀ። ማህደር ይህን ስትሰማ ደወለችለት። «ሰኞ አራት ተኩል ላይ ልጆቼን አንተ ጋ ነው የማመጣልህ» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው።

እማማ ዕፀን ደግሞ በስልክ አነጋገራቸው። ወሰንየለሽ ማመኗን ነገራቸው።

«ምን ብላ?»

«ገጨኋቸው ብላ።»

«ልጅ ናት፣ የምትለውን አታውቅም። እኔ የወደቅሁት አንሸራትቶኝ ነው። ፍርድ ቤትም ብትወስደኝ ይኸን ነው የምለው።»

ወደ ምርመራ ክፍሉ ተመለሰ። ወሰንየለሽ ጠበቃ እስኪመጣላት ተቀምጣለች። ቦርሳዋ ውስጥ ያሉት ነገሮች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው በመመዝገብ ላይ ናቸው፤ የትኩሳት ሽሮፕ፣ የፀጉር ጌጥ፣ ቁልፍ፣ ስልክ። ስልኩ ጠራ። ሁለቱም አዩት። ስክሪኑ ላይ የወጣው የድጎማው ቢሮ ስም ነው።

«አሥራ አንድ ወር የጠበቅሁት ስልክ ነው» አለች። እጇን ግን አላነሳችም። «ካልመለስኩ ያልፉኛል።»

ሦስተኛ ጊዜ ጠራ። ደንቡ አይፈቅድም። እንየው ስልኩን አነሳ፣ ድምፁን ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጎ መሃላቸው አስቀመጠው።

መስመሩ ላይ ያለችው ሴት ትሑት ናት፤ ድምፅዋ በዚያ ቀን ብዙ ሰው ያነጋገረ ሰው ድምፅ ነው። ስምና የልደት ቀን ጠየቀች። የልጅቷን ስም ጠየቀች። ከዚያ መልካም ዜና አለኝ አለች፤ ለልዩ ቦታ ተገኝቷል፣ ጥቂት ጥያቄዎች ብቻ ይቀራሉ።

«አሁን በሥራ ላይ ነዎት?»

ወሰንየለሽ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ነበርኩ።»

«ይቅርታ፣ እንደዚያ የሚል ምርጫ የለኝም። አዎ ወይስ አይደለም?»

ወጣቷ ቀና ብላ እንየውን አየችው። ሳምንቱን ሙሉ ያገኘው ሰው ሁሉ ዋሽቶታል፤ በዋሹት ቁጥር ጥርሱን ነክሷል። አሁን ግን አንድ ተጨማሪ ውሸት ቢሰማ ጆሮውን እንደሚደፍን ተሰማው። ዓይኑን ከዓይኗ ላይ አንስቶ የሽሮፑን ጠርሙስ አየ።

«አይደለም» አለች ወሰንየለሽ።

የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ። ረዘም ያለ።

«ኦኬ። እንግዲያው ሥራ ሲያገኙ እንደገና ማመልከት ይችላሉ። ስምዎ ከዝርዝሩ መጨረሻ ይጀምራል። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»